ስቡም ይቆጠር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ስኳር በሽታ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር፤ ስለ ስብ ግን አንድም ቃል የለውም። ኢንሱሊን (ቆሽት የሚያመነጨው ሆርሞን) የደም ስኳርን ከማውረዱ ሌላ፣ የተከማቸ ስብ በገፍ እንዳይፈታ ይይዘዋል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ከስቡ የሚወጣው ፋቲ አሲድ ወደ ደም ይጎርፋል፤ ጡንቻና ልብ የቻሉትን ያነዱታል፣ ጉበት ደግሞ ኪቶን ወደሚባል አሲዳማ ነገር ይለውጠዋል። ኪቶን ሲበዛ ደም አሲዳማ ይሆናል፦ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል የአፍ ሽታ። እኛ ደሴ አካባቢ ይህንን «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ የሚያጠጣ አይጠፋም! በሁዳዴም በረመዳንም «እህል ካልቀመስኩ የኢንሱሊን መርፌው ለምኔ» የሚል አለ። ባዶ ሆድ እኮ የስቡን መፈታት ያባብሰዋል። መጠኑን ሐኪም ያስተካክል እንጂ፣ ዓይነት 1 የስኳር ታማሚ (ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን የማያመነጭ) መርፌውን ጨርሶ ከተወ ለሞት ይዳረጋል። በሚቀጥለው እትም ብታክሉበት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ