ሕፃናቱን ለታላላቆቻቸው አደራ እንስጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት አገልግያለሁ። ይህን የምጽፈው ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆቻችን ሕፃናቱን እንዲያስተምሩ ሰበካ ጉባኤዎችና ወላጆች በር እንዲከፍቱላቸው ለመለመን ነው።

አሠራሩ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በየኔታ ፊት ተቀምጠን ፊደል የቆጠርን ሁሉ እንደምናስታውሰው፣ በስንደዶ እያመለከተ ያስቀጸለን (እየተከተልን ድምፁን እንድንደግም ያደረገን) ብዙውን ጊዜ ዳዊት የደረሰ ልጅ ነበር። መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ በመሆኑ ዳዊት ደጋሚው የአቡጊዳውን ልጅ ያስጠናል፤ በቅኔ ቤትም አስነጋሪው፣ ማለትም በትምህርቱ የገፋው ተማሪ፣ ከመምህሩ የሰማውን ለጀማሪዎች ያፍታታል። የሚያስቀጽለው ልጅ ራሱ ትምህርቱ የሚጸናለት ለታናሹ ሲያስረዳ ነው።

ዛሬ ግን ወጣቶቹን የምንፈልጋቸው ወንበር ለማመላለስና ለጥምቀት ምንጣፍ ለማንጠፍ ነው። ይህም አገልግሎት ነው፤ ሆኖም የሕፃን ልብ ሊታመንባቸው የሚገባ ልጆችን በጉልበታቸው ብቻ መለካት ያሳዝነኛል። እኔ ባለሁበት ክፍል ሁለት ወር ሙሉ አፉን ያልከፈተልኝን የ6 ዓመት ሕፃን ያናገረችው የ15 ዓመት ልጅ ናት። 231ዱን ፊደል ከ«ሀ» ጀምራ አላስቆጠረችውም፤ ከስሙ ፊደላት ጀመረች፣ ወደ እናቱ ስም ተሻገረች፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ራሱ «የአባቴስ?» ብሎ ጠየቃት። ለእሷ ያለው ቅርበት ለእኔ አልነበረውም።

ወላጆች ለፈተና ዝግጅት ጊዜ ያንሳቸዋል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ቢገባኝም የምንጠይቀው በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከፊደል የራቁ ሕፃናት ባሉበት በዚህ ወቅት፣ ማንበብ የሚችል ወጣት ሁሉ ለአንድ ታናሽ ቢደርስለት ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ሲባል ወጣቶቹ እንዲሁ ይለቀቁ ማለት አይደለም። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በግልጽ ቦታ፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ታላቅ እያያቸው ያስተምሩ፤ የእሑዱን ትምህርት አስቀድመው ከመምህር ጋር ይለፉበት። ኩርኩምና አለንጋ ግን ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ከየኔታ ጉባኤ ልንወርስ የሚገባን ማስቀጸሉን እንጂ ዱላውን አይደለም።

ክረምቱ ሳይገባና ተማሪዎች ሳይበተኑ፣ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ በሰኔ ወር ፈቃደኛ ወጣቶችን መዝግቦ ከሐምሌ ጀምሮ ሕፃናቱን እንዲያከፋፍላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ከደብረ ማርቆስ