ስለ እርሳሱ ዋጋና ስለሚሰበሩት ጂጎች ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከጎሚስታ ቤትና ከቁራሌው የሚሰበሰበውን፣ እየቀለጠ የመረብ ክብደትና ጂግ (መንጠቆ ላይ እርሳስ ፈስሶበት የሚሠራ የዓሣ ማጥመጃ) የሚሆነውን ቅልቅል እርሳስ መሸጥ በማቆማችን ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። ማስታወቂያውን በድንገት ስለለጠፍንባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ ለምን እንደሆነ በዝርዝር ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

የደረሰን ወቀሳ ሁለት ነው። አንደኛው «ርካሹን አጥፍታችሁ ውዱን ጫናችሁብን» የሚል ነው። ሁለተኛው «ውዱን ገዝተንም ጂጉ አንገቱ ላይ ይሰበራል፣ ጅራቱ ጎድሎ ይወጣል፤ እርሳሱን መልሳችሁ ቀይሩልን» የሚል ነው። ለዝዋይና ለሐዋሳ አስጋሪዎች የመረብ እርሳስ በመሸጥ ለተጀመረ ሱቅ፣ «እርሳሳችሁ አይረባም» መባል ቀላል ነገር አይደለም። ለጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች ዓሣ ጂግ የምታዘጋጁትም እዚሁ ከእኛ ጋር ሥራ የለመዳችሁ ናችሁ።

ቅልቅሉን ያቆምነው ትርፍ ፈልገን አይደለም፤ የተሻለ ትርፍ የነበረው እሱ ላይ ነው። ችግሩ ውስጡ ያለውን ማንም በዓይን ለይቶ አለማወቁ ነው። ቸርኬ ላይ በቅንጥብ የሚያዘው የባላንስ (ጎማ ማመጣጠኛ) እርሳስ፣ አንቲሞኒ የሚባል የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር ስላለበት ጠንካራ ነው፤ በማጣበቂያ የሚለጠፈው ደግሞ ለስላሳና ንጹህ ሊባል የሚችል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ. የእርሳስ ባላንስን ከመኪኖች ካገደ ወዲህ የዚንክና የብረት ባላንስ በዝቷል። መልካቸው በጣም ስለሚመሳሰል ክምር ውስጥ ተደባልቀው ይመጣሉ። እርሳስ በ327 ዲግሪ፣ ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። እሳቱ ከ400 ሳያልፍ ያልቀለጠውንና የሚንሳፈፈውን በጭልፋ አውጥቶ መጣል ይቻላል። አንዴ ካለፈ ግን ዚንኩ ይገባበታል፣ እርሳሱም እንደ ገንፎ እየተጓጎለ የሞልዱን (የማፍሰሻ ቅርጹን) ጠባብ ቦታ አይሞላም። በዚያ ዓይነት እርሳስ የተቀረጸ ጂግ ቢዳከም ምን ይገርማል?

የአሮጌ ባትሪ እርሳስማ አምጥታችሁ እንድንቀይርላችሁ አትጠይቁን። አሲዱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ሳህኖቹ አንቲሞኒና አርሰኒክ ሊኖራቸው ይችላል፤ ሲቀልጥ የሚወጣው ቆሻሻ እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ሊሰጥ ይችላል። ይህን ሸጠን የምናገኘው ገንዘብ ይቅርብን።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የአሉሚኒየም ሞልዱም መንጠቆውም በውጭ ምንዛሬ የሚመጣ ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ የሆነውን እናንተም ገበያ ወጥታችሁ አይታችሁታል። ከአቅማችን በላይ ተሸክመናል ብንላችሁ እውነት ነው።

አሁን ወደሚሰበሩት ጂጎች እንምጣ። ስባሪውን መልሳችሁ ከማቅለጣችሁ በፊት የተሰበረበትን ገጽ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት፤ የሆነውን እሱ ይናገራል።

ስብራቱ መሃል የደበዘዘ፣ ሁለት ንጣፍ የተደራረበ የሚመስል መስመር ካለ፣ እርሳሱ ሞልዱ ውስጥ ሳይዋሃድ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ከውጭም የተሸበሸበ ቆዳ ታዩበታላችሁ። መንስኤው ብዙ ጊዜ የቀዘቀዘ ሞልድ ወይም የቀዘቀዘ መንጠቆ ነው። በተለይ መንጠቆው ይረሳል። ወፍራም መንጠቆ ቀዝቃዛ እንደሆነ ሲገባ ዙሪያውን ያለውን እርሳስ ወዲያው ያደርቀዋል፤ አንገቱ ላይ የሚሰበረው ለዚህ ነው። መንጠቆውን ዘይቱን በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ከማስገባታችሁ በፊት በሞቀው ሞልድ ላይ አሳርፉት። የመጀመሪያዎቹን ጂጎች ያለመንጠቆ አፍስሳችሁ ወደ ድስቱ መልሱ፤ ሽብሽቡ ሲጠፋ ሞልዱ ሞቋል። ሞልዱን በውኃ ጠብታ የምትፈትኑ ሰዎች፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ። የቀለጠ እርሳስ ውኃ ሲነካው ፈንድቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ክብ፣ ውስጣቸው ለስላሳ ቀዳዳዎች ከታዩ አየር ወይም ጭስ ታፍኖ ነው፦ እርጥበት፣ የመንጠቆ ዘይት፣ የተዘጋ የአየር መውጫ። የሞልዱን ውስጥ በሻማ ጭስ በስሱ አጥቁሩት። ጅራቱ አሁንም ካልሞላ፣ ከጅራቱ ጫፍ እስከ ሞልዱ ጠርዝ በሹል ብረት አንድ ቀጭን ጭረት አድርጉ። ጭረቱ ከጠለቀ እርሳሱ ራሱ ይወጣበታል።

ቀዳዳው ሸካራና ጎርባጣ ሆኖ ከማፍሰሻው አፍ ሥር ከሆነ ግን ሌላ ነው። እርሳስ ሲረጋ ይኮማተራል፤ ከላይ የሚመግበው ካላገኘ ውስጡን ባዶ ያደርጋል። ሳታቋርጡ አፍስሱ፣ የማፍሰሻውን አፍ ጢም አድርጋችሁ ሙሉ። ቆጥበን እናፍስስ ያለ ሰው ባዶ ጂግ ያገኛል። ሚዛን ያላችሁ፣ 50 ግራም የሚያወጣው ሞልድ በዚያው እርሳስ 47 ከሰጣችሁ ውስጡ ባዶ ቦታ አለ፤ ሳይሰበር ወደ ድስቱ መልሱት።

ገጹ ትላልቅ ቅንጣት ያለውና እንደ ውርጭ የነጣ ከሆነ፣ ሙቀት በዝቷል ወይም ሞልዱ ቶሎ ተከፍቷል። የማፍሰሻው አፍ ላይ ያለው እርሳስ ብልጭታ ደብዝዞ ጥቂት ሰከንድ ሳያልፍ አትክፈቱ፤ አንቲሞኒ ያለበት እርሳስ ትኩስ ሳለ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ዚንክ ለሌለበት እርሳስ፣ ለጂግ ከ370 እስከ 420 ዲግሪ ይበቃል። ቴርሞሜትር የሌላችሁ ደረቅ የእንጨት ስንጥር አስገቡ፦ ሳይነድ ከጠቆረ ደህና ነው፣ ከነደደ እሳቱን ቀንሱ። ንጹህ እርሳስ ከላዩ ቶሎ ቶሎ ቢጫና ሰማያዊ ቆዳ ካወጣም ግሏል።

ከእኛ የምትወስዱት የእርሳስ ጡብ ሁለት ዓይነት ነው። ለስላሳው በጥፍር ይጫራል፣ ሲመታ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ ለመረብና ለቀጭን ጂግ እሱን ውሰዱ። ባለ አንቲሞኒው ድንጋያማ ታች ላይ ለሚጎተት ትልቅ እርሳስ ነው። ለቀጭን አንገት ጠንካራውን መርጣችሁ «ተሰበረ» ብትሉን ምን እናድርግ? ለስላሳው ጥቃቅኑን አልሞላ ካለ፣ በአንድ ኪሎ 25 ግራም 60/40 ስታኞ (60 በመቶው ቲን፣ 40 በመቶው እርሳስ የሆነ) ጨምሩ፤ የሚገባው ቲን አንድ ተኩል በመቶ ገደማ ሲሆን ፍሰቱን በግልጽ ያሻሽለዋል። ከላይ የሚንሳፈፈውን ከመግፈፋችሁ በፊት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የሻማ ቁራጭ ጣሉበትና አማስሉ። ሊነድ ስለሚችል ፊታችሁን አርቁ።

ይህን ሁሉ ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ ምግብ በማይበስልበት የብረት ድስት ሥሩ። ልጆች አይቅረቡ፤ ለሕፃን ምንም ያህል እርሳስ ደህና አይደለም። ክር ላይ ተጨምቆ የሚያዘውን ትንሽ እርሳስ በጥርስ መንከስም ይቅር፣ ፒንሳ አለ።

የተሰበረ ጂግ በአዲስ ጡብ አንለውጥም። ስባሪውን ሳታቀልጡ፣ ከተረፈው ጡብ ጋር አምጡልን፤ አብረን አይተን ጥፋቱ ከእርሳሱ ከሆነ ጡቡን እንተካለን፣ ከሞልዱ ከሆነ በነጻ እናስተካክላለን። የመረብ እርሳስ በብዛት የምትወስዱ ነባር ደንበኞች እስከ ጥር መጨረሻ በቀድሞው የለስላሳው ዋጋ ትወስዳላችሁ። ከዚያ በላይ መቆየት አንችልም፤ እናንተም እንዳትተዉን እንለምናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት፣ ሐዋሳ