ሰሌዳው ፊት ማንን ታቆሚያለሽ?

ይድረስ ለልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ?

የሁለተኛ ክፍል ልጆችሽ 52 ሲቀነስ 27ን «35» እያሉ አስቸግረውሻል። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲላቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 እየቀነሱ ነው። መበደርን መንገር ብቻውን አይበቃም፤ ሲሠራ ይዩት።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ሰው አይቶ እንዲማር አራት ነገር ያስፈልገዋል ይላል፦ ልብ ብሎ ማየት፣ ያየውን መያዝ፣ መሥራት መቻል፣ ለመሥራት መፈለግ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ገና ከመጀመሪያው ነው። ወደ ሰሌዳው ዞረሽ ዝም ብለሽ ስትጽፊ ልጆቹ የሚያዩት ጀርባሽን ነው። ወደ ጎን ቁሚና ሐሳብሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪ፦ «2 ለ7 አይበቃም። ከአሥር ቤት አንድ እበደራለሁ፤ 5ቱን ሰርዤ 4። የአንድ ቤቱ 12 ሆነ። 12 ሲቀነስ 7፣ 5። 4 ሲቀነስ 2፣ 2። 25።» አሥር አሥር የታሰረ ስንጥር ካለሽ አንዱን እስር ፊታቸው ፍቺው።

ከዚያ ንግግሩን አስረክቢያቸው፦ መጀመሪያ አንቺ እየተናገርሽ ይሥሩ፣ ቀጥሎ ራሳቸው ጮክ ብለው፣ ከዚያ በሹክሹክታ፣ በመጨረሻ በልባቸው። መካከለኞቹን ደረጃዎች ከዘለልሽ የቱ ላይ እንደሳቱ አትሰሚም።

ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣውን አታውጪ። የአንድ ለአምስቱ የጥናት ቡድን መሪም እሱው ነው፤ ደካማው ልጅ «እሱማ ይችላል» ብሎ ይተወዋል። ደብተር አይተሽ ተሳስቶ ያረመውን ምረጪ። «ውይ፣ ገለበጥኩት» ብሎ ሲያስተካክል እንደ እሱ የሚሳሳቱት ይነቃሉ። ስህተቱ ግን ወዲያው ይሰረዝ፤ ሰሌዳ ላይ ከቆየ እሱኑ ይገለብጣሉ።

«ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት» ብቻ ብትይ ለምን እንደተጨበጨበ ማን ያውቃል? «ተበድረህ 5ቱን መሰረዝ አልረሳህም» በዪው።

ቁጣሽንም ያያሉ። ባንዱራ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ አሻንጉሊት የመታ ሰው ሲቀጣ በፊልም ያዩ ልጆች ድርጊቱን ብዙም አልደገሙትም፤ ለደገመ ሽልማት አለ ሲባሉ ግን ቅጣቱን ካላዩት ልጆች እኩል ደግመው አሳዩ፤ ለካ ያውቁት ነበር። አንዱን ካሳፈርሽ የሚያውቁትም እጃቸውን ያወርዳሉና ዝም ያለውን ሁሉ አላወቀም አትበዪ፤ ለብቻው ጠይቂው።

አርብ 60 ሲቀነስ 24ን ስጫቸው። 44 ያለሽ ገና እየገለበጠ ነው፤ 46 ያለሽ ግን ተበድሮ 6ቱን መሰረዝ ብቻ ነው የረሳው። ሁለቱን አንድ ላይ አታስተምሪያቸው።

እናትሽ