ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፦ ከቅነሳው ለተረፍነውም አስቡልን

ጤና ይስጥልኝ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የቡድን ኃላፊ ነኝ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ያዘዙት ጥር 12 ቀን 2017 ነው፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት። በዓሉን ጨርሰን ቢሮ ስንመለስ ብዙም ሳይቆይ ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ መጣ። በዚያው ሰሞን በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ባለሙያዎች ውላቸው እንደሚቋረጥ ተሰማ። በየቤቱ ስልክ ሲደወል የሚደነግጠው ሰው ብዙ ነበር።

እኛ ክፍል 14 ነበርን። የሚቀሩት ስድስት ናቸው፣ ስም ዝርዝር ላክ ተባልኩ። ሕጉ ችሎታና የተሻለ ውጤት ያለው ሥራው ላይ ይቆይ ይላል። እኔ ግን የልጇን ክርስትና የበላሁላትን ሴት፣ የአባቱ ቀብር ላይ አብሬው ከቆምኩት ልጅ ጋር ሳወዳድር ነው ያደርኩት።

ደብዳቤውን የሰጠሁት በእጄ ነው። አንዷ አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «አንተስ ደህና ነህ?» አለችኝ። ከዚያ ላፕቶፑን በሶፍት ወለወለች፣ የቻርጀሩን ገመድ ጠቀለለች፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ክሊራንሷ ላይ ፈረምኩላት። ያንን ላፕቶፕ እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው መስጠት አልሆነልኝም።

የቀረነውን ሰው ሁሉ «ታድላችኋል» ይለናል። እውነት ነው፣ ደመወዝ አለን፣ የወጡት ችግር ከእኛ ይብሳል። ግን ቢሮው እንደ ድሮው አይደለም። የቢሮ እቁብ ነበረን። ከወጡት አንዷ ዕጣዋን ኅዳር ላይ ስለበላች፣ ሥራ ሳይኖራት በየወሩ ትልካለች። ገንዘቡ በገባ ቁጥር ሰብሳቢዋ ታለቅሳለች። አንመልሰው ነገር ይከፋታል፣ አንቀበለው ነገር ከልጇ አፍ ነው። የ14 ሰው ሥራ ስድስት ሰው ላይ ወድቋል፣ የሚያማርር ግን የለም፣ ምክንያቱም ሁሉም ፈርቷል። አንዱ ልጅ ፈቃድ ከጠየቅኩ ቀጣዩ እኔ ነኝ ብሎ ትኩሳት ይዞት ሥራ ገባ። ቡና እንጠጣ ብዬ ስጠራቸው እንኳ ፊታቸው ይለወጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቅነሳ ለሚወጣ ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ፣ የስንብት ክፍያ፣ በላዩ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይሰጣል። ይህ በሁሉም ቦታ መከበሩን ተከታተሉልን። ነገር ግን የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 92 አሠሪው ሥራው በሠራተኛው ጤና ላይ ሥነ ልቦናዊ ጉዳት እንዳያመጣ ይጠንቀቅ ይላል። ሕጉ ላይ አለ ማለት ነው። እኔ የምለምናችሁ ቅነሳ ሲኖር ይህ ነገር እንዲጠየቅ ነው። የወጡትን ሰዎች ሥራ ማን እንደሚሠራው አሠሪው በጽሑፍ ያሳውቅ። የቀረው ሰው ሌላ ቅነሳ መኖር አለመኖሩን በጊዜ ይነገረው፣ ከኮሪደር ወሬ አይስማ። የምክር አገልግሎት ለወጣውም፣ ለቀረውም፣ ደብዳቤውን ለሰጠውም ይኑር። ኃላፊዎችንም እንዲህ ያለ ነገር ለሰው እንዴት እንደሚነገር አሠልጥኑን፣ እኔ ያን ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ ስም ተሳስቻለሁ።

የፕሮጀክታችን ቀሪ በጀት ብዙ ወር አያስኬድም። እንደገና ስም ዝርዝር ላክ ከመባሌ በፊት መልሳችሁን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቡድን ኃላፊ፣ አዲስ አበባ