የፎቶግራፍ ክበብ፦ የብስክሌት ውድድርን በካሜራ መያዝ

የፎቶግራፍ ክበባችን በ2017 ዓ.ም. ዋና ሥራው ያደረገው የብስክሌት ውድድር አነሳስን ነው። ደሴ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ኩርባው፣ ጥላውና ጉሙ በአንድ ጠዋት ሊፈራረቁበት ይችላሉ። አባላቱ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ጀምረው ልምምዱን ወደ መንገድ ዳር አውጥተውታል።

መጀመሪያ የተማሩት የተበላሸን ፎቶ መመርመር ነው። ከበስተጀርባ ያለው ግንብ ጥርት ብሎ ብስክሌተኛው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ከተሳበ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ዘግይቷል። ብስክሌተኛው ሳይሳብ እንዲሁ ከፈዘዘ ፎከሱ አምልጧል። ሁሉም ነገር በአንድ አቅጣጫ ከተሳበ ደግሞ የተንቀሳቀሰው እጅ ነው። ይህን ሳይለዩ የሹተር ፍጥነት መጨመር ጊዜ ማባከን ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች ሹተሩን የሚወቅሱት ጥፋቱ የፎከስ ሆኖ ሳለ ነው።

በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ በ1/1000 ሰከንድ 1 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/250 4 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/60 ደግሞ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ከጎን የሚያልፈውን ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት ከ1/1000 መጀመር ይሻላል። ፊት ለፊት የሚመጣው በፎቶው ክፈፍ ውስጥ ብዙም ስለማይፈናቀል 1/500 ሊበቃው ይችላል። ራጂዎቹ (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) ለብቻቸው ይታያሉ፤ የጎማው የላይኛው ጫፍ በብስክሌቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሄድ አስፋልቱን የነካው ነጥብ ለዚያች ቅጽበት ቆሟል። ከላይ ብዥ፣ ከታች ጥርት ያሉ ራጂዎች እንግዲህ ጉድለት አይደሉም፤ ፎቶውን ሕያው የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው ፎከስ ነው። ካሜራው የሚንቀሳቀስን ነገር እንዲከተል ካኖን ላይ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒኮን ላይ ኤኤፍ-ሲ ይመረጣል። በአነስተኛ ካሜራዎች ላይ ብዙውን ጊዜ የመሀሉ የፎከስ ነጥብ በትክክለኛነት ከሌሎቹ ይበልጣል፤ እሱ ብቻውን ወይም ከአጎራባቾቹ ጋር ይሠራል። ነጥቡ የሚያርፈው የፊት ጎማው ላይ ሳይሆን የራስ ቁሩ ጠርዝ ወይም የደረት ቁጥሩ ላይ ነው። ፎከስ የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ስለሚፈልግ አንድ ወጥ ጥቁር ማሊያ ላይ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። ቁልፉን በግማሽ ተጭኖ ብስክሌተኛው ከመድረሱ አንድ ሰከንድ ያህል ቀድሞ መከተል መጀመር ግድ ነው፤ ድንገት የተነሳ ካሜራ የሚይዘው ከኋላ ያለውን ተመልካች ነው።

ረጅም ሌንስ ስህተትን አይምርም። በ200 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ/5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል)፣ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት የሚለው ርቀት ከ2 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ብስክሌተኛው ይህን በሰከንድ አንድ አምስተኛ ያልፈዋል። በ55 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ/8፣ 8 ሜትር ላይ ከተፎከሰ ግን ከ5.6 እስከ 14 ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ ደህና ይወጣል። ለቁልቁለት ኩርባ የክበቡ ምርጫ ይህ ሁለተኛው ሆኗል፦ አስፋልቱ ላይ ያለ ቀለም ወይም ስንጥቅ ተመርጦ ይፎከሳል፣ ሌንሱ ወደ ማኑዋል (በእጅ ወደሚፎከስበት) ይዞራል፣ ብስክሌተኛው ምልክቱ ጋ ሊደርስ ሲል ሦስት አራት ፍሬም (ፎቶ) ይተኮሳል። ቁልፉን ተጭኖ መቆየት የካሜራውን ጊዜያዊ ማከማቻ ይሞላና ወሳኟ ቅጽበት ስትመጣ ካሜራው ዝም ይላል። በሰከንድ 5 ፍሬም የሚያነሳ ካሜራም ቢሆን በሁለት ፍሬም መካከል ብስክሌቱ 2 ሜትር ስለሚሄድ ጊዜውን የሚመርጠው ዓይን ነው።

በጠራ ፀሐይ ኤፍ/5.6፣ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን የመሰማት አቅም) 200 እና 1/1600 ጥሩ መነሻ ነው። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ግን መንገዱ በአንዴ ጥላ ይሆንና ሁሉን በእጅ ያስተካከለ ተማሪ ጥቁር ፎቶ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ሹተሩና አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) ተቆልፈው አይኤስኦው ብቻ እስከ 3200 በራሱ እንዲወጣ ይተዋል። ጉም ላይ ካሜራው ነጩን ወደ ግራጫ ስለሚጎትተው በብርሃን ማስተካከያው ከ+2/3 እስከ +1 ይጨመርለታል። ሰማይ ከኋላው ሆኖ ፊቱ በራስ ቁር ለተጠለለ ብስክሌተኛም እንዲሁ፤ ሰማዩ ቢነጣም ፊቱ መታየት አለበት።

ፓኒንግ (ብስክሌተኛውን በካሜራ እየተከተሉ ማንሳት) በ1/125 ተጀምሮ ወደ 1/60፣ ከዚያም ወደ 1/30 ይወርዳል። እግር ፎቶው ወደሚነሳበት ቦታ ይዞራል፣ ከወገብ በላይ ያለው አካል ብስክሌተኛውን ይከተላል፣ ቁልፉ ከተጫነ በኋላም መከተሉ አይቋረጥም፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው ጣት ሲጫን ወገብ ስለሚቆም ነው። ቀትር ላይ 1/30 ማለት በአይኤስኦ 100 እንኳ ወደ ኤፍ/29 መጥበብ ነው። ያኔ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ያለው አቧራ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ፓኒንግ ለማለዳና ለአመሻሽ ይቆይ።

የመቆሚያ ቦታ ደንብ ለሁሉም አባል አንድ ነው። መቆጣጠር ያቃተው ብስክሌት ወደ ኩርባው ውጫዊ ጎን ስለሚወረወር እዚያ አይቆምም። ፍላሽ ፊት ለፊት አይተኮስም፤ ካሜራ ዓይኑ ላይ ላደረገ ልጅም መኪና የሚጠብቅለት ሌላ አባል አጠገቡ ይቆማል። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ በጎን ብርሃን ማንሳትን እንጨምራለን፤ ለመመዝገብ የራስ ካሜራ አያስፈልግም።