ሚካኤልን ከዳንኤል ራእይ ነጥለን አንተርጉመው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በትንቢተ ዳንኤል የተጠራው ሚካኤል ክርስቶስ ራሱ ነው የሚለው፣ ሰሞኑን በሃይማኖት ዓምዳችሁ ያወጣችሁት ጽሑፍ እዚህ ደብረ ማርቆስና ዙሪያው ብዙ አነጋግሯል። ወር በገባ በ12 የሚካኤል ጽዋ በሚጠጣበት፣ ድርሳኑ ተነቦ ዳቦው በሚቆረስበት አገር ይህ ጥያቄ በሊቃውንት መካከል ብቻ አይቀርም። ማኅበርተኛው «ታዲያ የምንዘክረው ማንን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጠያቂ ንባቡ ተገልጦ ሊታይለት ይገባል፤ ጽሑፋችሁ ግን ጥቅሶቹን በቁንጽል አቅርቦ መደምደሚያውን አስቀደመ።

መጽሐፈ ሄኖክን ለጊዜው ብናቆየው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን መልአክ በስሙ የሚጠራው በአምስት ቦታ ነው፦ ዳንኤል 10፥13፣ 10፥21፣ 12፥1፣ ይሁዳ 9 እና ራእይ 12፥7። ጽሑፉ ያነሣው ዳንኤል 12፥1ንና ራእይ 12፥7ን ብቻ ነው፤ እነርሱንም ከፊትና ከኋላቸው ቆርጦ።

ዳንኤል ከምዕራፍ 10 እስከ 12 ያለው አንድ ራእይ ነው። የምዕራፍ ቁጥር ኋላ የገባ ነገር ነውና 12፥1ን ብቻውን መዝዞ «ታላቁ አለቃ» በሚለው ማዕረግ መጀመር ያሳስታል። ራእዩ የታየው ቂሮስ በነገሠ በ3ኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ536 ገደማ፣ በመጀመሪያው ወር በ24ኛው ቀን፣ በጤግሮስ ወንዝ ዳር ነው። ነቢዩ 3 ሳምንት ሙሉ ማለፊያ እንጀራ አልበላም፣ ሥጋና ጠጅ በአፉ አልገባም፣ ዘይት አልተቀባም። ከ24 ወደ ኋላ ቢቆጠር ጾሙ የተያዘው ወሩ እንደ ገባ ነው፤ በ14 የሚውለው ፋሲካ እንኳ በሐዘኑ መካከል አለፈ። ምን ቢገጥመው ነው? ዕዝራ 4፥4-5 ፍንጭ ይሰጣል። ከምርኮ የተመለሱት ቤተ መቅደሱን መሥራት ቢጀምሩ የአገሩ ሰዎች እጃቸውን አደከሙባቸው፤ በቂሮስ ዘመን ሁሉ ምክራቸውን የሚያፈርሱ አማካሪዎች ተገዙባቸው። የፋርስ ነገር ዳንኤልን ያስጨነቀው እንግዲህ በከንቱ አልነበረም።

መልአኩ መጥቶ የፋርስ መንግሥት አለቃ 21 ቀን እንደ ተቋቋመው ሲነግረው፣ 21ዱ ቀን የዳንኤል 3 ሳምንት ነው። ጸሎቱ የተሰማው በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ የዘገየው መልእክተኛው ነው። ሚካኤል የሚገባውም እዚህ ላይ ነው፦ «ከዋነኞቹ አለቆች አንዱ ሚካኤል ሊረዳኝ መጣ»። «አንዱ» ከተባለ እኩዮች አሉት። ያው ዳንኤል በ8፥25 «የአለቆቹን አለቃ» ለብቻው ያነሣል፤ በ7፥13 ደግሞ የሰው ልጅ የሚመስለው ከሰማይ ደመና ጋር ወደ ዘመናት የሸመገለው ሲቀርብ አይቷል። ነቢዩ ለእነዚህ ሁለቱ የሚካኤልን ስም አልሰጣቸውም።

ጽሑፉ በፍታ የለበሰውንም ሰው (10፥5-6) ከራእይ 1፥13-16 ጋር አያይዞታል። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ያ የታየው ጌታችን ነው ብሎ የሚተረጉም ቢኖር ንባቡ አይከለክለውም። ይሁን እንጂ ያ ሰው ሚካኤል አልተባለም። ሚካኤል በዚያ ራእይ ለዳንኤል የሚታየውም የሚያናግረውም አይደለም፤ ሌላው ስለ እርሱ የሚናገርለት ነው።

ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው 11፥1 ነው። በ10፥21 መልአኩ «ከአለቃችሁ ከሚካኤል በቀር» የሚያግዘኝ የለም ካለ በኋላ ወዲያው ይቀጥልና፣ በሜዶናዊው በዳርዮስ በመጀመሪያው ዓመት ሊያጸናውና ሊያበረታው ቆሞ እንደ ነበር ይናገራል። ማንን? ገጸ ንባቡ፣ ማለትም ቃሉ በቀጥታ የሚለው፣ ወደ ሚካኤል ይመልሰናል፤ ከላይ የተጠራው እርሱ ነውና። ወደ ዳርዮስ የሚመልሱትም አሉ። የመጀመሪያውን ከያዝን ግን ሁለቱ መላእክት ተራ በተራ ይረዳዳሉ፦ አንድ ጊዜ ይህ ሚካኤልን ያበረታል፣ ሌላ ጊዜ ሚካኤል ይህን ሊረዳ ይመጣል። ሉቃስ 22፥43 ላይ መልአክ ጌታን ሲያበረታ ታይቷል ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ ያ ግን በለበሰው ሥጋ፣ በጌቴሴማኒ ነው። ዳንኤል የሚናገርበት ዘመን ቃል ሥጋ ከመሆኑ ከ500 ዓመት በላይ ይቀድማል።

በትርጓሜ ቤት መጀመሪያ ገጸ ንባቡ ይቀናል፤ «አንድም» እየተባለ ሌላው ትርጉም የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። በዋሸራ ወይም በጎንጅ ቅኔ ቤት የተማረ ሰው እንደሚያውቀው ሰሙ ሳይቆም ወርቅ አይወጣም። ጽሑፋችሁ ከ«አንድም» ጀምሮ ንባቡን በኋላ ሊያስተካክል ነው የሞከረው።

ራእይ 12 ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። በቁጥር 5 አሕዛብን ሁሉ በብረት በትር የሚገዛው ወንድ ልጅ ተወልዶ ወደ እግዚአብሔርና ወደ ዙፋኑ ይነጠቃል። በቁጥር 7 ሚካኤልና መላእክቱ ዘንዶውን ይዋጋሉ። በቁጥር 10 እና 11 «የክርስቶሱ ሥልጣን» እና «የበጉ ደም» ይነሣል። ክርስቶስ በእነዚህ ቁጥሮች በሦስት ስያሜ ተጠርቶ ሳለ፣ በመካከሉ ምንም ሳያመለክት በአራተኛ ስም ገባ ለማለት ከውጭ የሚመጣ ማስረጃ ያሻል።

ይሁዳ 9ን ጽሑፉ አላነሣውም፤ የእኛ አገር አንባቢ ግን በተለይ እዚህ ላይ ሊቆም ይገባዋል። ሚካኤል ስለ ሙሴ ሥጋ ከዲያብሎስ ጋር ሲከራከር የስድብን ፍርድ ሊናገር አልደፈረም፤ «ጌታ ይገሥጽህ» አለው። ጌታችን በማቴዎስ 4፥10 ሰይጣንን በገዛ ሥልጣኑ ሂድ ብሎታል። ይህን የጻፈው ይሁዳ ደግሞ በቁጥር 14 እና 15 የሄኖክን ትንቢት ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይጠቅሳል፤ ስለ ሚካኤል ሲጽፍ ሄኖክን የሚያውቅ ሰው ነው። በሄኖክ ሚካኤል ከሩፋኤል፣ ከገብርኤልና ከፋኑኤል ጋር ተቆጥሯል፤ በዘመናት ሽማግሌ ዘንድ የታየው የሰው ልጅ ግን ከአራቱ ውጭ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ነውና ይህን ማስረጃ የኢትዮጵያ ጋዜጣ መዝለሉ ያሳዝናል። «የመላእክት አለቃ አንድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ክርስቶስ ነው» የሚለው ሙግትም እንደ ቤተ ክርስቲያናችን 81ዱን መጻሕፍት በሚቀበል አንባቢ ፊት አይጸናም፤ ጦቢት 12፥15 ላይ ሩፋኤል ራሱን ከሰባቱ ቅዱሳን መላእክት አንዱ ይላል። እንደ ፕሮቴስታንቶች 66ቱን ብቻ ለሚቀበልም ዳንኤል 10፥13 አለ።

1ኛ ተሰሎንቄ 4፥16 ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ጌታ «በመላእክት አለቃ ድምፅ» ስለሚወርድ እርሱ የመላእክት አለቃ ነው ከተባለ፣ እዚያው የተጻፈውን «የእግዚአብሔር መለከት» ምን ልናደርገው ነው? ድምፁ የሚያጅበው ንጉሥ ሲመጣ ነው።

በእውነት የሚከብደው ኢያሱ 5፥13-15 ነው፤ ጽሑፉ የተደገፈበትም ይኸው ነው። የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ሰይፉን መዝዞ ይቆማል፣ ኢያሱ ይሰግዳል፣ ጫማውን ያወልቃል። ከቀደሙት አባቶች ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ይህን ወልድ ነው ብሎ ተርጉሟል። በየዕለቱ የቅዱሳን ታሪክ የሚነበብበት የእኛ ስንክሳር ደግሞ በኅዳር 12 ለኢያሱ የታየው ሚካኤል ነው ይላል፤ ስግደቱንም ሊቃውንቱ የጸጋ ስግደት፣ ማለትም የአምልኮ ያልሆነ የአክብሮት ስግደት፣ ይሉታል። እያንዳንዱ ትርጓሜ በራሱ መንገድ ይሄዳል። የጽሑፉ ስሕተት ሁለቱን መስፋቱ ነው፦ ከአንዱ «ወልድ ነው» የሚለውን፣ ከሌላው «ሚካኤል ነው» የሚለውን ወስዶ «እንግዲህ ሚካኤል ወልድ ነው» አለ። ዮስጢኖስ በዚያ ስፍራ ሚካኤልን አያነሣም፤ ስንክሳሩም ሚካኤልን ወልድ አይለውም። ኢያሱም ስሙን አልጻፈውም።

አንድ ሌላ እርማት አለን። ጽሑፉ ይህን ትምህርት የሚያስተምሩትን ሁሉ አንድ አድርጎ ቆጥሯል። ሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ሚካኤል ክርስቶስ ነው ሲሉ ክርስቶስን ፍጡር ማለታቸው አይደለም፤ አምላክነቱን ያምናሉ። የይሖዋ ምሥክሮች ግን ወልድ የተፈጠረ ነው ይላሉ። ለሁለተኛው ዕብራውያን 1፥5-14 ይነበባል፤ ከመላእክት «አንተ ልጄ ነህ» የተባለ የለምና። ለመጀመሪያው መልሱ ከላይ የዘረዘርነው የዳንኤልና የራእይ ንባብ ነው። የማያምኑትን እንደሚያምኑ አድርጎ መጻፍ ለማንም አይበጅም።

ስለዚህ አዘጋጁ ሁለት ነገር እንዲያደርጉልን እንጠይቃለን። በሚቀጥለው እትም አምስቱን ጥቅሶች ሳይቆረጡ ያትሙልን፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውንም ልዩነት አርሙልን። ስፍራ ከጠበበ ከዳንኤል 10፥10 እስከ 11፥1 ያለው ብቻ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር
የትርጓሜ መጻሕፍት መምህራን፣ ከደብረ ማርቆስ