ፊልም አለበት ብዬ የሰጠኋችሁን ካሜራ ለምን ከፈታችሁት?

ለፎቶ ቤቱ ባለቤት
ፒያሳ፣ ጎንደር

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአካል ልነግርዎ ሁለት ጊዜ መጥቼ አጣሁዎት። እናንተ ጋ የሚሠራው ልጅ ደግሞ «ያረጀ ፊልም ነው እኮ፣ ምን ያደርግልሻል» አለኝ። ይህን ሰምቼ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

ባለፈው ወር የአባቴን ዜኒት ካሜራ ይዤ መጣሁ። ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መዝጊያው እየተያዘ አስቸግሮኝ ነበር። ለልጁ ሳስረክበው «ውስጡ ፊልም አለ፣ በብርሃን እንዳትከፍተው፣ መጀመሪያ ጠቅልለህ አውጣው» አልኩት፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ። «እሺ እሺ» አለ። ደረሰኙ ላይ የጻፈው ግን «ካሜራ ጥገና፣ 800 ብር» ብቻ ነው። በሳምንቱ ስመለስ መዝጊያው ተሠርቷል፤ ጥሩ ይሠራል፣ ይህን አልክድም። ፊልሙ ግን ለብቻው በፌስታል ተቀምጧል። እንዴት ወጣ ስለው ጀርባውን ሲከፍት ፊልሙን እንዳየው፣ መልሶ እንደዘጋው፣ ከዚያ እንደጠቀለለው ነገረኝ። የከፈተው መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በቀን።

እኔን ባያምነኝ እንኳ ማወቂያ ነበረው። በግራ በኩል ያለችውን የመጠቅለያ ቁልፍ ፊልም ወደሚጠቀለልበት አቅጣጫ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ያዝ ካደረገች ፊልም አለ፤ ዝም ብላ ከዞረች ባዶ ነው። ይህች የሁለት ሰከንድ ሥራ ናት። ስንት ፎቶ እንደተነሳ የሚያሳየው የካሜራው ቁጥርም ቢሆን ሳስረክበው 22 ላይ ቆሞ ነበር።

«ሙሉ ፊልም እንኳ አልነበረም» ማለቱ ደግሞ ምን እንዳጠፋ እንዳልገባው ነው ያሳየኝ። ፊልሙ ባለ 36 ነው፤ 22 ተነስቷል፣ 14 ቀርቷል። እንዲህ ባለ ካሜራ የተነሳው ፊልም ተጠቅልሎ ከሚቀመጥበት ቆርቆሮው ወጥቶ በስተቀኝ ባለው ዘንግ ላይ ይጠመጠማል፣ ያልተነሳው ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ ጨለማ ውስጥ ይቆያል። ጀርባው ሲከፈት ብርሃኑ የሚያርፈው በተነሳው ላይ ነው። ባዶው ተረፈ፣ አባቴ ያነሳው ተቃጠለ። ከተነሳውም መጨረሻ ላይ የተነሳው ከላይ ስለሚጠመጠም ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እሱ ነው።

አባቴን እኮ ያውቁታል። ትንሽ ሆነን ለጉርድ ፎቶ እጃችንን ይዞ የሚያመጣን እናንተ ጋ ነበር። ፊልም ሳያልቅ አያሳጥብም፤ ብክነት ነው ይላል። በ2002 ጥምቀት ይህን ፊልም ይዞ ወጣ። ከተራ ዕለት ታቦታቱ ሲወርዱ አነሳ፣ በማግስቱም ጠዋት ፋሲል መዋኛ ሄድን። የቀረውን «ለፋሲካ እንጨርሰዋለን» አለ። ፋሲካን አላየም፤ ዐቢይ ጾም ላይ አረፈ። ለምን እስካሁን አላሳጠብሽውም ይሉኝ ይሆናል። ያቺን ፊልም እኔ ልጨርስበት አልቻልኩም፣ ሳታልቅ ማውጣቱም አሳዘነኝ፤ እንዲሁ 15 ዓመት ሳጥን ውስጥ ቆየ።

የካሜራው የቆዳ ቦርሳ ውስጥ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አለች። አባቴ ያነሳውን ሁሉ በእርሳስ በቁጥር እየጻፈ ይይዝ ነበር። 1 እናታችሁ ደጃፍ ላይ። 9 ታቦት ሲወጣ። 17 ልጆች ውሃው ውስጥ። 21 ላይ ደግሞ «እኔ፣ ልጄ ያነሳችኝ» ይላል። ሥሩ የመዋኛውን ግንብ አቅፎ ከያዘው ዛፍ ሥር ነጭ ጋቢ ለብሶ ቆሞ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ «ረጋ በይ፣ ትንፋሽሽን ያዢ» ሲለኝ ድምፁ አሁንም ይሰማኛል። እሱ ከዚያ በኋላ ፎቶ አልተነሳም።

ፊልሙን አዲስ አበባ ቤቱ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፊልም ለሚያጥብ ሰው ላክሁት። አራት ፎቶ ወጣ፣ ከ1 እስከ 4፣ ያውም ደብዝዞ። ከ5 እስከ 22 ያለው ኔጋቲቭ፣ ማለትም የታጠበው ፊልም፣ ብርሃን ስለገባበት ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። ያረጀ ፊልም ምንም አይወጣበትም ከተባለ እነዚያ አራቱ ከየት መጡ? በፈረንጆች 1897 በአየር ፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ የሄዱት ስዊድናውያን ካሜራ በ1930 በረዶ መሃል ተገኝቶ፣ ከ33 ዓመት በኋላ ፊልሙ ታጥቦ ፎቶ ወጥቶለታል። የእኔን ያጠፋው ዕድሜ አይደለም፣ ብርሃን ነው።

ፎቶው እንደማይመለስ አውቃለሁ። የጥገናውን 800 ብር ግን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ፤ ጥፋቱ የእናንተ መሆኑንም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡኝ፣ ለእህቶቼ የማሳየው ነገር እፈልጋለሁ። ልጁ ይባረር አላልኩም፣ እንዳያባርሩትም እለምንዎታለሁ፤ ያስተምሩት። ደረሰኛችሁ ላይ «ፊልም አለ ወይስ የለም» የምትል አንዲት መስመር ትግባ። እጅ የሚገባበት ጥቁር ከረጢት ይግዙ፤ ጥርጣሬ ካለ እዚያ ውስጥ ይከፈት። በዚህ ከተማ ስንት ቤት አሮጌ ካሜራ ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ሲበላሽ ደግሞ የሚመጣው እናንተ ጋ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እንደሚገኙ ልጁ ነግሮኛል። ደረሰኙን፣ የአባቴን ወረቀትና ኔጋቲቩን ይዤ እመጣለሁ። መስኮቱ ላይ አድርገው እርስዎ ራስዎ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ደንበኛችሁ፣ ከአዘዞ